ሠዓሊውን በስሙ መመዝገብ፡- የቢቸናው ቄስ አዳሙ ተስፋው ሕይወትና ሥራ

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚተዳደረው የፋውለር ሙዚየም የአንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊን ሕይወትና ሥራ የሚያስቃኝ ዐውደ ርዕይ ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ከዐውደ ርዕዩ ጋርም ስለ ሠዓሊው ብቻ የተዘጋጀ መጽሐፍ ታትሞ ወጥቷል። ይህ ትኩረት የተሰጣቸው ሠዓሊ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቁ ወይም በውጭ አገር የሠለጠኑ አልነበሩም። በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና አካባቢ የተነሱ፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተከታትለው ክህነት የተቀበሉ፣ ብሩሽ አያያዝንም በዘመናዊ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሳይሆን በማየትና ደጋግሞ በመሥራት የተካኑት ቄስ አዳሙ ተስፋው ናቸው።

የቄስ አዳሙ ታሪክ የአንድ ሰው ተሰጥኦ ታሪክ ብቻ አይደለም። የአገራችን ነባር የሥዕል ጥበብ እንዴት ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደተሻገረ፣ ባለሙያዎቹስ ለምን በአብዛኛው ስማቸው ሳይታወቅ እንዳለፈ የሚያስረዳ ነው። በባህልና በቅርስ ሥራ ላይ ለተሰማሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የሚያስጨብጠው ቁም ነገር አለው።

ቢቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ሞጣ ደግሞ በሁለት እጁ እነሴ ምድር የምትገኝ ከተማ ናት። ሁለቱን ከተሞች ከደጀን ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ያገናኛቸዋል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ያለው አገር በጤፍ ምርቱ ብቻ ሳይሆን በጥንታዊ ገዳማቱና አድባራቱም ይታወቃል። በቢቸና አቅራቢያ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በሊቃውንቱ ዝነኛ ከመሆኑ የተነሳ በክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዟል። በእናርጅ እናውጋ የደብረ ወርቅ ማርያም፣ በእነብሴ ሳር ምድር ደግሞ ከእቴጌ እሌኒ ስም ጋር የሚነሳው መርጡለ ማርያም ይገኛሉ።

የሞጣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ታሪክ ደግሞ ከጎንደር ቤተ መንግሥት ጋር የተሳሰረ ነው። ደብሩ ከወይዘሮ ወለተ እስራኤል ስም ጋር ተያይዞ ይጠቀሳል። ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅና የጎጃሙ ገዥ የራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ እናት ነበሩ። ይህ የዘር ሐረግ ለሥዕል ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጎንደር ውስጥ ያበበው የአሣሣል ስልት፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዎች ሁለተኛው የጎንደር ስልት የሚሉት ነው። በዚህ ስልት የፊት ገጽታዎች በብርሃንና በጥላ ይለሰልሳሉ፤ አልባሳቱ የዘመኑን የመኳንንት ልብስ ይመስላሉ፤ የሥዕሉ መደብም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ በቀስ ይለወጣል። የንጉሣውያን ቤተሰቦች አብያተ ክርስቲያናትን በየአገሩ ሲተክሉና ሲያሳንጹ የከተማው ጥበብም አብሮ ወደ አገር ቤት ዘለቀ። ጎጃም ከዚህ ጥበብ ዋነኛ ተካፋዮች አንዱ ሆነ።

የጎጃም የሥዕል ታሪክ ግን ከዚያም ይቀድማል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከቬኒስ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ብራንካሊዮን የተባለ ሠዓሊ በጎጃም ሥራዎቹን ትቷል። ከእርሱ በፊት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ኢትዮጵያዊው ፍሬ ጽዮንም በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኝ ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ ቆይቷል። እነዚህ ሁለት ሠዓሊዎች ዛሬ በስማቸው የሚጠሩት ስማቸው ከሥራቸው ጋር ተጽፎ በመገኘቱ ነው። ከእነርሱ በኋላ በየአድባራቱ የሠሩት እጅግ በርካታ ሠዓሊዎች ግን ይህን ዕድል አላገኙም።

በአንጻሩ የአሠሪዎቹ ስም ብዙ ጊዜ ይታወቃል። ቤተ ክርስቲያን ያሳነጸው መኳንንት፣ ሥዕሉን ያሣለው ምዕመን ስሙ ይጻፋል፤ አንዳንዴም ራሱ በሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ሲሰግድ ይሣላል። በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ላይ በሚገኘው በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን ሥዕል ሥር ሰግደው የሚታዩበት ሥዕል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የእቴጌይቱ ማንነት ለማንም ግልጽ ነው። እርሳቸውን የሣለው እጅ የማን እንደሆነ ግን ሥዕሉ አይናገርም። ሠዓሊው ሥራውን እንደ አገልግሎት ይቆጥረው ስለነበር በስሙ መጠራትን አይሻም ነበር ማለት ይቻላል። ውጤቱ ግን የአንድ ታላቅ ሙያ ታሪክ ያለ ባለሙያዎቹ መቅረቱ ነው።

ቄስ አዳሙ የበቀሉት ከዚህ ትውፊት ውስጥ ነው። በአካባቢው ለሚያድግ ልጅ የመጀመሪያው የሥዕል ትምህርት ቤት የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ነው። በክብ አሠራር የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ የሚባሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። ሥዕሎቹ በዋናነት የሚገኙት በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። በብዙ ቦታ ሥዕሉ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይሣልም። የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ መደቡ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ቀለም ይወጣበታል። በመቅደሱ በሮች ላይ ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል ሰይፋቸውን መዘው ይቆማሉ። በግድግዳው ላይ ፈረሰኞቹ ሰማዕታት፣ የጌታ ልደትና ስቅለት፣ የእመቤታችን ተአምራት በየተርታቸው ይሣላሉ። ፊደል ያልቆጠረው ምዕመን መጽሐፍ ቅዱሱንና ገድላቱን የሚያነበው ከዚህ ግድግዳ ነው።

ይህ ግድግዳ የራሱ ሰዋስው አለው። ጻድቅና መልካም ሰው ፊት ለፊት ወይም ሁለቱም ዓይኖቹ እንዲታዩ ሆኖ ይሣላል። ከሓዲው፣ አሳዳጁና ጋኔኑ ግን በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ዓይኖች ከተፈጥሯዊ መጠናቸው ተልቀው ይወጣሉ። የሰው ቁመት የሚወሰነው በርቀትና በቅርበት ሳይሆን በማዕረጉ ነው። ሠዓሊው እነዚህን ደንቦች የሚያገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከነባር ሥዕሎች ነው።

እዚህ ላይ «ራሱን በራሱ ያስተማረ» የሚለው አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት ዜማ፣ ቅኔ፣ አቋቋምና ትርጓሜ ጉባኤ የተዘረጋላቸው፣ መምህራኑ የታወቁ፣ ተማሪው ደረጃ በደረጃ የሚያልፍባቸውና የሚመሰከርለት ናቸው። ሥዕል ግን በዚህ መጠን የተደራጀ ጉባኤ ቤት የለውም። ተሰጥኦ ያለው ደብተራ ወይም ካህን የሠሩትን አጠገባቸው ሆኖ እያየ፣ ቀለም እየበጠበጠ፣ ነባር ሥዕሎችን እየቀዳ ይለምደዋል። የአገራችን የሥዕል ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። ሮም ከሚገኘው ከሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን ሥዕል የተቀዳ ቅጂ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ፣ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች እየደጋገሙ ሥለውት፣ መልኩንም አልባሳቱንም ወደ ራሳቸው አምጥተው የአገሩ ሥዕል አድርገውታል። ስለዚህ ራሱን ያስተማረ ሠዓሊ ማለት ከምንም የተነሳ ማለት አይደለም። አስተማሪዎቹ ስማቸው ያልተጻፈው የቀድሞ ሠዓሊዎች ናቸው፤ ፈተናውም ግድግዳው ነው።

ቄስ አዳሙ በክህነት የተቀረጹ በመሆናቸው የሚሥሉትን ታሪክ ከምንጩ ያውቁታል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ገድል ወይም የቅዱስ ጊዮርጊስን ሰማዕትነት ሲሥሉ ከሌላ ሥዕል መቅዳት ብቻ ሳይሆን ካነበቡትና ከሰሙት መነሳት ይችላሉ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ ሬይመንድ ሲልቨርማን በአሜሪካ የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ካካሄደው ጥናት ጋር በተያያዘ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ቄስ አዳሙ ሲጽፉ፣ ሠዓሊውን በዋነኛነት የገለጿቸው ሥዕል የሚሥል ቄስ በማለት ነበር። ይህ አገላለጽ ክህነታቸውና ሙያቸው ተነጣጥለው የሚታዩ አለመሆናቸውን ያመለክታል።

ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሄዱት ቄስ አዳሙ በመዲናዋ የጠበቃቸው ሌላ ዓይነት የሥዕል ዓለም ነበር። በአዲስ አበባ በጨርቅ ላይ ተሥሎ የሚሸጥ ሥዕል የራሱ ታሪክ አለው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተገኘው የዐድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች በከተማዋ ሲከፈቱ፣ መልእክተኞችና ተጓዦች የአገሩን ሥዕል እየገዙ መውሰድ ጀመሩ። ከቤተ ክርስቲያን የወጡት ሠዓሊዎች ግድግዳ ላይ ይለጥፉት የነበረውን ጨርቅ ተጠቅልሎ ሊወሰድ በሚችል መልክ አዘጋጁት። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ከሠሩት መካከል በላቸው ይመር በዚህ ረገድ ስማቸው በግንባር ቀደምትነት ይነሳል።

ለዚህ ገበያ በብዛት ይሣሉ የነበሩት ርዕሶች ጥቂት ናቸው። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ፣ ከዘንዶው መገደል እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ድረስ በተርታ ይተረካል። በየሥዕሉም ላይ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ይሰፍራል። የዐድዋ ጦርነትም ሌላው ተወዳጅ ርዕስ ነው። በአንድ ወገን ዐፄ ምኒልክ በጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱም ከነሠራዊታቸው ይታያሉ። በሌላው ወገን የጣሊያን ጦር ይሰለፋል። ቅዱስ ጊዮርጊስም ከሰማይ ለኢትዮጵያውያን ሲረዳ ይሣላል። የመቅደሱ ግድግዳ ሰዋስው እዚህም አልቀረም፤ ኢትዮጵያውያኑ ፊት ለፊት፣ ወራሪዎቹ በጎን ይሣላሉ። በዚህ መንገድ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የአገር ታሪክ መንገሪያ ሆነ።

ይህ ገበያ ለሠዓሊዎች እንጀራ ቢሰጥም የራሱ አደጋ ነበረው። ገዢው የሚያውቀውን ሥዕል ስለሚፈልግ አንድ ዓይነት ሥዕል እየተባዛ ይወጣል፤ ፍጥነት ጥራትን ይበልጣል። ሥዕሉን ከሥጦታ ዕቃ መደብር የሚገዛው ሰው የሠዓሊውን ማንነት አይጠይቅም። ሻጩም ለመናገር ምክንያት የለውም። ቀድሞ በትሕትና የተሰወረው ስም አሁን በንግድ ይሰወራል።

ቄስ አዳሙም ለቤተ ክርስቲያንም ለዚህ ገበያም ሠርተዋል። በዚያው ጨርቅና በእነዚያው ርዕሶች ከሠሩት ከብዙዎቹ ተለይተው እንዲታዩ ያደረጋቸው በመጀመሪያ ደረጃ የመስመራቸው ጥራት ነው። በኢትዮጵያ ነባር ሥዕል ውስጥ ምስሉ በጠርዝ መስመር ተለይቶ ከወጣ በኋላ በቀለም ይሞላል። ስለዚህ የሠዓሊው እጅ የሚታወቀው በመስመሩ ነው። የልብስ ዕጥፋት፣ የፈረስ አንገት፣ የጣት አያያዝ ሁሉ በመስመር ይወሰናል። ሁለተኛው የርዕሶቻቸው ስፋት ነው። ከቅዱሳንና ከነገሥታት ጋር የዕለት ተዕለት ኑሮን ሥለዋል። በገጠር ያደጉ ሰው በመሆናቸውም ኑሮውን የሚያውቁት ከውስጥ ነው። ሦስተኛው የተለመደውን ርዕስ እንደ ማኅተም ሳይደግሙ የራሳቸውን አቀራረብ መፈለጋቸው ነው። ተመራማሪዎቹን የሳበውም ለጎብኚዎች ይሸጡ ከነበሩት ብዙ ሥዕሎች መካከል የአንድ ሰው እጅ ተለይቶ መታወቁ ነበር።

በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብም እያደገ ነበር። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በይፋ ተከፍቶ በርካታ ባለሙያዎችን አፍርቷል። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በመሥራቹ ስም ይጠራል። የክቡር የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታና የእስክንድር ቦጎሲያን ስሞች በአገር ውስጥና በውጭ ታወቁ። እነዚህ ሠዓሊዎች ሥራቸውን ፈርመው፣ ዐውደ ርዕይ አሳይተው፣ በጋዜጣ ተጽፎላቸዋል። በሌላ በኩል የነባሩን ጥበብ የያዙት ባለሙያዎች «የባህል ሠዓሊ» በሚል የጋራ ስም ይጠሩ ነበር። በጥበብ መስክ ሁለት ዓይነት ሚዛን ነበረ ማለት ነው፤ አንዱ ሰውየውን፣ ሌላው ዕቃውን የሚመለከት።

ሲልቨርማን ከባልደረቦቻቸው ጋር ያደረጉት ጥናት ይህን ሚዛን ለማስተካከል የሞከረ ነው። የፋውለር ሙዚየም ዐውደ ርዕይና እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው መጽሐፍ ቄስ አዳሙን እንደማንኛውም ታላቅ ሠዓሊ በሕይወት ታሪካቸውና በሥራዎቻቸው አቀረቧቸው። ይህ ለአገራችን የሚያኮራ ነው። ጥያቄም ያስነሳል። ስለ አንድ የቢቸና ሰው በስፋት የተዘጋጀው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በአሜሪካ ታትሟል። በዚያ መልክ ያልተመዘገቡት ሌሎች የቢቸና፣ የሞጣ፣ የደብረ ወርቅና የመርጡለ ማርያም ሠዓሊዎችስ ታሪካቸው የት ይገኛል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የሕግ ማዕቀፍ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርሶች እንዲመዘገቡና እንዲጠበቁ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጡ ይደነግጋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ሥዕልን ጥበቃ ከሚያገኙ ሥራዎች መካከል ያካትታል። በዚህ አዋጅ መሠረት ሠዓሊው የሥራው አመንጪ ሆኖ በስሙ የመታወቅ መብት አለው። ኢኮኖሚያዊ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት የተጠበቀ ነው። ይህ መብት የዲግሪ ባለቤት ለሆነው ሠዓሊም፣ ከቤተ ክርስቲያን ለወጣው ሠዓሊም እኩል ነው። ነገር ግን የማን ሥራ እንደሆነ ያልተመዘገበ ሥዕልን መብት ማስከበር አስቸጋሪ ነው።

በተግባር ሊሠራ የሚችለው ከፍተኛ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። በወረዳ ደረጃ የሚገኝ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቅርስ ሲመዘግብ የቤተ ክርስቲያኑን ስም፣ የታቦቱን ስምና የተተከለበትን ዘመን ይጠይቃል። ከዚሁ ጋር ሥዕሉን ማን እንደሣለው፣ በማን ወጪ እንደተሣለ፣ መቼ እንደታደሰ ጠይቆ መጻፍ ይቻላል። ሥራው በቅርብ ዘመን የተከናወነ ከሆነ መልሱ በደብሩ አስተዳዳሪና በአረጋውያን ካህናት ዘንድ ሊገኝ ይችላል። ሥዕሉ ላይ የሰፈረውን ጽሑፍ መገልበጥ፣ እያንዳንዱን ግድግዳ በፎቶግራፍ ማስቀረት፣ ሠዓሊው በሕይወት ካለም ራሱን ማነጋገር የሚያስፈልገው ጊዜና ትጋት ነው።

ይህን ማድረግ አስቸኳይ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ጣሪያ ሲያፈስ ጨርቁ ከግድግዳው ይላቀቃል። ቤተ ክርስቲያን በአዲስ ሲሠራ ነባሩ ሥዕል አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በቅን ልቦና ለማደስ ሲባልም በአሮጌው ሥዕል ላይ የዘይት ቀለም የሚቀባበት፣ በኅትመት የተባዛ ሥዕልም በቦታው የሚሰቀልበት ጊዜ አለ። ሥዕሉ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው መረጃ አስቀድሞ የተጻፈው ብቻ ነው። የሠዓሊው ትዝታም እንዲሁ ከሚያስታውሱት አረጋውያን ጋር ያልፋል።

ራሳቸውን ያስተማሩ ሠዓሊዎች በእርግጥ መምህር አልነበራቸውም ማለት እንደማይቻል ከላይ ተመልክቷል። ቄስ አዳሙን ያስተማሯቸው ከእርሳቸው በፊት የሠሩት ናቸው፤ የእነዚያን ስም ግን ዛሬ መጥራት አልተቻለም። ቄስ አዳሙ ከዚያ ረጅም ሰልፍ ውስጥ በስማቸው ተለይተው ሊታወቁ የቻሉት፣ ተሰጥኗቸው ከፍ ያለ ስለነበረ ብቻ ሳይሆን ቁጭ ብሎ የጠየቃቸውና የጻፈላቸው ሰው ስለተገኘ ጭምር ነው። ይህን ሥራ በየወረዳው ለመሥራት የሚያስፈልገው መዝገብ በጽሕፈት ቤቶቹ እጅ አለ፤ የሚቀረው «የሠዓሊው ስም» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሮ መጠየቅ ነው።